ከዳሌ ጨረር ሕክምና በኋላ የማይለቅ የአንጀት ሕመም፦ መንስኤውን እየለዩ የማከም ዝርዝር መመሪያ

በማኅፀን በር፣ በፕሮስቴት፣ በሽንት ፊኛ ወይም በፊንጢጣ አካባቢ ካንሰር ምክንያት ወደ ዳሌ የጨረር ሕክምና ከወሰዱ ሰዎች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባል፣ ካንሰሩ ከለቀቃቸው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። ሰገራ ያስቸኩላቸዋል፣ ደም ያዩበታል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳቸዋል፣ አንዳንዴም መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ ያመልጣቸዋል። ይህን ለሐኪም የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። መሃል አዲስ አበባ በሚገኙ ሆስፒታሎች የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ወረፋ ይዘው የሚቀመጡ እናቶች «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ቀጣዩን ቀጠሮ ተቀብለው ይሄዳሉ፤ ያለ ሞዴስ ከቤት መውጣት ካቆሙ ግን ወራት ተቆጥረዋል።

ነርስ እንደመሆኔ ብዙ ጊዜ የምሰማው ሁለተኛው ችግር ደግሞ፣ ታማሚው ደፍሮ ሲናገር «የጨረሩ ነው፤ ይለምድዎታል» ተብሎ መመለሱ ነው። ይህ መልስ ስህተት ነው። ጨረሩ የችግሩ መነሻ ቢሆንም ዛሬ ተቅማጡን ወይም ደሙን እያመጣ ያለው ነገር ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል ነው፤ በአንድ ሰው ላይም ሁለትና ሦስት መንስኤዎች በአንድነት መገኘታቸው የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና በብሪታንያ 218 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ እያንዳንዱን ምልክት ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት ምርመራ አድርጎ፣ ለተገኘው መንስኤ ሁሉ ሕክምና መስጠት የታማሚዎቹን ሁኔታ እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ይህን ሥርዓት ተከትሎ በሠለጠነ ነርስ የተሰጠው ክትትል በአንጀት ስፔሻሊስት ከተሰጠው ያላነሰ ውጤት ማምጣቱም በዚያው ጥናት ታይቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ አሠራር ላይ ነው፦ «ሆዴን አመመኝ» የሚለውን ጥቅል አነጋገር በየምልክቱ መበተን፣ የየምልክቱን መንስኤ መፈለግ፣ ከዚያም አንድ በአንድ ማከም።

መመሪያው ለታማሚው፣ ለአስታማሚው እና በጤና ጣቢያ ለሚሠራ ባለሙያ የተጻፈ ነው። የተጠቀሱት የመድኃኒት መጠኖች ከሐኪም ጋር ለመነጋገር እንዲረዱ የቀረቡ እንጂ ራስን በራስ ለማከም የታሰቡ አይደሉም።

ጨረሩ በአንጀት ላይ ያደረሰው

ጨረር ሲሰጥ ካንሰሩ ካለበት ቦታ አጠገብ ያሉት ሬክተም (ከፊንጢጣ በላይ ያለው የአንጀት መጨረሻ)፣ የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል እና ወደ ዳሌ የወረደው ቀጭን አንጀት ድርሻቸውን ይቀበላሉ። በሕክምናው ወቅት የሚመጣው ተቅማጥ ከላይኛው የአንጀት ሽፋን መቆጣት የተነሣ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ከ3 ወር በኋላ የሚመጣው ወይም የሚቀጥለው ግን የተለየ ነው። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ከውስጥ እየጠበቡ ይሄዱና ለአንጀቱ ግድግዳ የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ግድግዳው ይደድራል፣ የመለጠጥ አቅሙን ያጣል፤ በላዩ ላይ ደግሞ በቀላሉ የሚደሙ ስስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። ሬክተም መለጠጥ ሲያቅተው ጥቂት ሰገራ እንኳ እንደሞላ ስለሚቆጥር ያስቸኩላል። የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ሲጎዳ ደግሞ የሐሞት አሲድን (ቅባት እንዲፈጭ የሚረዳውን ፈሳሽ) እና ቫይታሚን ቢ12ን መልሶ የመምጠጥ ሥራው ይስተጓጎላል። ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ቢታዩም ከ10 ዓመት በኋላ የሚጀምሩበትም ሁኔታ አለ። ስለዚህ «ጨረሩን ከወሰድኩ ቆይቻለሁ» ብሎ ግንኙነቱን መተው አይገባም።

የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ ማጨስ እና ከዚህ በፊት የተደረገ የሆድ ቀዶ ሕክምና ጉዳቱን ያባብሱታል። ከእነዚህ መካከል ዛሬውኑ ሊቆም የሚችለው ሲጋራ ነው።

መጀመሪያ፦ አስቸኳይ የሆነውን ለይቶ ማውጣት

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። ደም በብዛት ከወረደና ሲነሡ ካዞረ ወይም ልብ ካስመታ፣ ሆድ ተነፍቶ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ብሎ ትውከት ካለ፣ ትኩሳት ከከባድ የሆድ ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም የብረት ክኒን ሳይወስዱ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ አንድ ሌሊት ማሳደር አይገባም። ጋዝ ወይም ሰገራ በብልት በኩል መውጣት ከጀመረ፣ ወይም ሽንት ሲሸኑ አረፋና አየር ካለበት፣ በሬክተምና በብልት ወይም በፊኛ መካከል ቀዳዳ (ፊስቱላ) ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት መታየት ያስፈልጋል። ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስና እየባሰ የሚሄድ የዳሌ ሕመም ካሉም ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይሆን በቅድሚያ ይመረመራል።

ሁለተኛ፦ ወረቀት ማሰባሰብና ማስታወሻ መያዝ

ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ሆኖ የቆየው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በመሆኑ፣ ከየክልሉ መጥተው እዚያ ታክመው ወደ አገራቸው የተመለሱ ብዙዎች ዛሬ ሌላ ሆስፒታል ሲሄዱ ምን ያህል ጨረር እንደወሰዱ የሚያሳይ ወረቀት በእጃቸው የለም። ጨረር ከወሰዱበት ሆስፒታል የሕክምና ማጠቃለያ ይጠይቁ። በማጠቃለያው ላይ ጨረሩ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ ጠቅላላው መጠን፣ በስንት ቀን እንደተከፋፈለ፣ በብልት በኩል የሚሰጠው የውስጥ ጨረር መኖር አለመኖሩ እና አብሮ የተሰጠ ኬሞቴራፒ ይጻፍ። ከውጭ የሚሰጠው የዳሌ ጨረር አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሆኖ በ25 ቀናት ገደማ የሚከፋፈል ነው፤ የውስጥ ጨረር ሲጨመርበት የሬክተም የፊት ግድግዳ የሚቀበለው መጠን ከፍ ይላል። ይህ ዝርዝር በኋላ ሐኪሙ የሚወስነውን ብዙ ነገር ይለውጣል።

ከዚያም ለሁለት ሳምንት በአንድ ደብተር ማስታወሻ ይያዙ። በቀን ስንት ጊዜ ወጡ፣ ሌሊት ተነሥተዋል ወይ፣ ሰገራው ደረቅ ነው ለስላሳ ወይስ ውኃ፣ ደም ወይም ንፍጥ መሰል ዝልግልግ ነገር ነበረው ወይ፣ አምልጧል ወይ፣ ያን ቀን ምን ተበላ። እዚህ ላይ የእኛ የጾምና የፍስክ አቆጣጠር ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል። በዐቢይ ጾም ሆዳቸው ረግቶ የሰነበተና ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ወተቱ፣ ቅቤውና ክትፎው ሲገባ ተቅማጡ የሚያገረሽባቸው ሰዎች፣ መንስኤው ላክቶስ (የወተት ስኳር) ወይም የሐሞት አሲድ ሊሆን እንደሚችል ሳያውቁት ፍንጭ እየሰጡ ነው። በአንጻሩ በሽሮና በምስር ሆዳቸው የሚነፋ ከሆነ ፍንጩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳል።

አስታማሚ ወይም ባለሙያ ሲጠይቅ «ደህና ነዎት?» ማለት አይበቃም። «እማማ፣ ሌሊት ለሰገራ ይነሣሉ? ሲመጣብዎ ይሮጣሉ ወይስ ያመልጥዎታል? ደም አይተዋል? በሆድዎ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ወይም ዕድር መሄድ ትተዋል?» የሚሉት አራት ጥያቄዎች ቀጥታ ሲቀርቡ፣ «ምንም የለብኝ» ያሉት ሰዎች ጭምር መናገር ይጀምራሉ። ከአራቱ አንዱ እንኳ «አዎ» ከተባለ ቀጣዮቹ ደረጃዎች ይከተላሉ። በተለይ ልጅ ወላጁን ይዞ ሲመጣ፣ እናት በልጇ ፊት ይህን ለመመለስ ስለምታፍር ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን ማነጋገር ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፦ መሠረታዊ ምርመራ

የደም ብዛት (ሲቢሲ)፣ የብረት ክምችት፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የስኳር መጠን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና የሰገራ ምርመራ ይታዘዛሉ። የማኅፀን በር ካንሰር ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ባለ ሴቶች ላይ በብዛት ስለሚከሰት የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤትና የቫይረሱ መጠን መታወቅ አለበት። የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሁሉ ይገመገሙ፤ የስኳር መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን እና ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች መካከል እንደ ሎፒናቪር ያሉት ራሳቸው ተቅማጥ ያመጣሉ። መድኃኒቱን የሚለውጠው ግን ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ፀረ ኤች አይ ቪ በራስ ውሳኔ ፈጽሞ አይቋረጥም።

ስለ ሰገራ ምርመራ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። በከተማችን ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ «አሜባና ታይፎይድ ነው» ተብሎ የመድኃኒት ከረጢት ይዞ ይመለሳል። ጃርዲያና አሜባ በእርግጥ አሉ፣ መፈለግም አለባቸው፤ ከተገኙም ይታከማሉ። ነገር ግን ጨረር የወሰደ ሰው በየሁለት ወሩ ለአሜባ ሲታከም ዓመት ካለፈው፣ የሚፈለገው ነገር ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

አራተኛ፦ ደም ሲኖር

ደም ያየ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው ኪንታሮትን ነው። በጨረር በተጎዳ አካባቢ ላይ «ኪንታሮት ነቃይ» ዘንድ ሄዶ የሚያቃጥል መድኃኒት ማስቀባት፣ ወይም ጨረር መውሰድን ሳይናገሩ በክሊኒክ ኪንታሮት ማሳሰር ወይም ማስቆረጥ፣ ቁስሉ ሳይድን ቀርቶ ወደ ቀዳዳ እንዲለወጥ ሊያደርግ ይችላል። የደም አቅርቦቱ ያነሰ ሥጋ የመዳን አቅሙ ትንሽ ነው። ይህን ነጥብ ከሁሉ አስበልጬ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ።

ትክክለኛው መንገድ በካሜራ ማየት ነው። ሲግሞይዶስኮፒ ወይም ኮሎኖስኮፒ ደሙ ከጨረር ከመጡት ስስ የደም ሥሮች፣ ከሌላ ቁስል ወይም ከአዲስ ዕጢ መሆኑን ይለያል። ከምርመራው በፊት «ወደ ዳሌ ጨረር ወስጃለሁ» ብለው ይናገሩ፤ ምክንያቱም ከሬክተም የፊት ግድግዳ ናሙና መቁረጥ የማይድን ቁስልና ፊስቱላ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ለካንሰር የሚያጠራጥር ነገር ከሌለ በቀር አይደረግም።

ካሜራው የጨረር ጉዳት መሆኑን ካረጋገጠ የሚቀጥለው ውሳኔ በደሙ መጠን ይወሰናል። አልፎ አልፎ ወረቀት ላይ የሚታይ፣ ደም ማነስ ያላመጣና ኑሮን ያላወከ ደም ሕክምና አያስፈልገውም፤ በብዙዎች ላይ ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። ሰገራን ለስላሳ አድርጎ መያዝ፣ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን መተው፣ አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጥቅሙንና ጉዳቱን ከሐኪሙ ጋር መመዘን ይበቃል። ሕክምና ባለመስጠቱ ሐኪሙ ችላ ያለ እንዳይመስልዎ፤ ቀላል ደምን ለማቆም ተብሎ የሚደረግ ጠንካራ ሕክምና ከደሙ የባሰ ጉዳት ያመጣበት ጊዜ አለ።

ደሙ ደም ማነስ ካመጣ ወይም ዕለታዊ ኑሮን ካወከ ሱክራልፌትን ከታች በኩል መስጠት ጥሩ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ለጨጓራ የሚታዘዘው ይኸው መድኃኒት ቁስሉ ላይ ተለጥፎ ይሸፍነዋል። ቤት ውስጥ ሊደረግ ስለሚችል አሠራሩን በዝርዝር ላስቀምጥ።

ሁለት ባለ 1 ግራም ክኒን በንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉና ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ ያፍሱበት። ክኒኑ በራሱ እስኪፈርስ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ጉብታ እስኪጠፋ ድረስ በማንኪያ ያማስሉ። ጉብታ ከቀረ ቱቦው ውስጥ ይዘጋል። ድብልቁን በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሳቡና ጫፉ ላይ ነርሷ የሰጠችዎን ለስላሳ ቱቦ ይግጠሙ። አልጋ ላይ ላስቲክና አሮጌ ነጠላ አንጥፈው በግራ ጎን ይተኙ፤ የቀኝ ጉልበትዎን ወደ ደረት ይሰብስቡ። የቱቦውን ጫፍ ቫዝሊን ቀብተው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ በቀስታ ያስገቡ፤ እንቢ ካለ ወይም ካመመ አይግፉ፣ ያቁሙ። ሲሪንጁን በዝግታ ይጫኑ። ከዚያ መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በጀርባ፣ በኋላም በሆድ ገልበጥ እያሉ የሚችሉትን ያህል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ጠዋት ከሰገራ በኋላና ማታ ከመኝታ በፊት ይደረጋል፤ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ እንጂ በሁለት ቀን አይታይም። ሱክራልፌት አሉሚኒየም ስላለበት ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ሳይጠይቅ አይጠቀምም። የማኅፀን በር ካንሰር ብዙ ጊዜ የሽንት ቱቦን ስለሚጫን የኩላሊቱ ምርመራ እዚህ ላይ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሐኪሞች ሜትሮኒዳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ ለ4 ሳምንት ያክሉበታል። የስቴሮይድና የሜሳላዚን ሕክምና ለሌሎች የአንጀት ቁስለቶች የሚጠቅመውን ያህል እዚህ ላይ ብቻውን አይጠቅምም።

በዚህ ካልቆመ ሁለት መንገዶች ይቀራሉ። አንደኛው በኮሎኖስኮፕ የሚደረገው የሚደሙትን የደም ሥሮች በአርጎን ጋዝ ማቃጠል ሲሆን፣ አንጀቱ በደንብ ካልታጠበ ውስጡ ያለው ጋዝ ሊፈነዳ ስለሚችል ሙሉ እጥበት ያስፈልገዋል፤ ተደጋግሞ ሲሠራም ቁስልና መጥበብ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው 4 በመቶ ፎርማሊን ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ የፊንጢጣው ዙሪያ ቆዳ በቫዝሊን ከተጠበቀ በኋላ፣ በፎርማሊን የራሰ የቁስል ጨርቅ የሚደማው ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይያዝና ይታጠባል። ዋጋው አነስተኛ፣ መሣሪያውም ቀላል ስለሆነ በእኛ አገር ሁኔታ ከሚገባው በታች የሚታሰብ ሕክምና ይመስለኛል፤ ልምድ ባለው እጅ መሠራቱ ግን ግዴታ ነው።

ስለ ከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን ሕክምና (በዝግ ክፍል ውስጥ በግፊት ኦክስጅን መተንፈስ) የሚጠይቁ አሉ። አንድ ጥናት ጠቅሟል ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ የታተመ ሌላ ጥናት ከማስመሰያው ሕክምና የተለየ ጥቅም አላገኘበትም። ለዚህ ተብሎ ቤት ሸጦ ወደ ውጭ አገር መሄድን አልመክርም።

ደም ማነሱ ጎን ለጎን ይታከም። የብረት ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይበቃል፤ ሰገራን ያጠቁራል፣ አንዳንዱንም ያደርቃል፣ ስለዚህ አስቀድሞ መነገር አለበት። ሻይና ቡና ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያግዱ ከክኒኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ።

አምስተኛ፦ ተቅማጡ

ተቅማጥ በአንድ መድኃኒት ከመታፈኑ በፊት ከየት እንደመጣ ይጠየቅ። ሰገራው ቢጫ፣ የሚሸት፣ ዘይት የሚታይበትና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ ከቅባት በኋላ የሚብስና ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ የሐሞት አሲድ ይጠረጠራል። ከአንጀት ያልተመጠጠው የሐሞት አሲድ ትልቁ አንጀት ገብቶ ውኃ ያስለቅቃል። ለዚህ የተዘጋጀው ልዩ ምርመራ በማይገኝበት ቦታ የሐሞት አሲድን የሚይዘውን ኮለስታይራሚንን ሞክሮ ማየት ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው። በቀን አንድ ባለ 4 ግራም ከረጢት በውኃ ወይም በጁስ በጥብጦ ይጀመራል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሌሎች መድኃኒቶችን ስለሚይዝ፣ ፀረ ኤች አይ ቪን ጨምሮ ሌላው ሁሉ ከእርሱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። በቅርብ ያለው መድኃኒት ቤት ከሌለው በከነማና በቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች መጠየቅ ይቻላል። ከመድኃኒቱ ጋር የወጡን ቅባት መቀነስ ውጤቱን ያፋጥናል።

መነፋት፣ ማጉረምረምና ሽታ ያለው ጋዝ ከተቅማጡ ጋር ካሉ፣ በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ከመጠን በላይ ተራብቶ ሊሆን ይችላል። የትንፋሽ ምርመራ ካልተገኘ ሐኪሙ ከ7 እስከ 10 ቀን የሚወሰድ አንቲባዮቲክ አዝዞ ምላሹን ያያል። ለጥቂት ወራት ተሽሎት እንደገና ቢመለስ የሚደንቅ አይደለም፤ ይደገማል። ሆኖም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ያለው ለውጥ ካልተመዘገበ ሙከራው ትርጉም አይኖረውም።

ለላክቶስ ምርመራው ቀላል ነው፦ ለሁለት ሳምንት ወተትና ከወተት የሚሠራውን ትቶ ማየት። ልዩነት ካመጣ፣ ብዙ ሰው ወተት ባይስማማውም እርጎና አይብ በልክ ይስማሙታል፤ ስለዚህ ሁሉንም ለዘለቄታው ማገድ አያስፈልግም።

መንስኤዎቹ እየተፈለጉ ሳለ ወይም ከታከሙም በኋላ ለቀረው ተቅማጥ ሎፔራማይድ የተባለው የተቅማጥ ማቆሚያ ጥሩ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ተቅማጡ ከመጣ በኋላ በመውሰዳቸው ነው፤ የሚሠራው ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ሲወሰድ ነው። በ2 ሚሊ ግራም ይጀመርና እየታየ ይስተካከላል፤ በቀን ከ16 ሚሊ ግራም አያልፍም። ትኩሳት ወይም የሆድ መነፋት ከትውከት ጋር ካለ አይወሰድም። ፈሳሹን ለመተካት ብዙዎች ለምለም የሚሉትን ኦ አር ኤስ አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ከለስላሳ መጠጥ ይሻላል።

ስለ ምግብ አንድ ወጥ ዝርዝር ማውጣት አይቻልም። ጤፍ እንጀራ አብዛኛው ሰው ይስማማዋል። በርበሬና ሚጥሚጣ ለተጎዳ አንጀት ያስቸግራሉ፤ ጠንካራ ቡናም ሰገራን ያስቸኩላል፤ ነገር ግን ቡናን ጨርሶ ከመከልከል ወደ አንድ ስኒ ዝቅ ማድረግና የሚጠጣበትን ሰዓት መወሰን ይሻላል። ቡላ፣ ሩዝና የተቀቀለ ድንች ሆድ በተቆጣበት ሳምንት ይረዳሉ። ኮሶ፣ መተሬና ሌላ የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒት ግን በጨረር ለተጎዳ አንጀት በምንም ምክንያት አይገባም። ጸበል የሚጠጡ ሰዎች ብዙ ሊትር በአንድ ጊዜ ጠጥተው ተቅማጥና ትውከት እንዳይደርስባቸው መጠኑን ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢነጋገሩበትና መድኃኒታቸውን ባያቋርጡ መልካም ነው። ጾምም እንዲሁ ነው፤ ክብደት እየቀነሰ ያለ ሰው ከንስሐ አባቱ፣ ሙስሊም ከሆነም ከኢማሙ ጋር ቢማከር የሚከለክለው የለም። የጾም ምግብ ቢ12 የለውም፤ አንጀቱም ይህን ቫይታሚን መምጠጥ ካቃተው እጥረቱ ይበረታል። የእግር መደንዘዝ፣ የምላስ መቅላትና ድካም ካሉ መጠኑ ይለካና በመርፌ ይተካል።

ስድስተኛ፦ ማስቸኮልና ማምለጥ

ከሁሉ በላይ ሰውን ከሰው የሚለየው ይህ ነው። ከፒያሳ ሜክሲኮ ለመድረስ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቦ መቀመጥ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ወርዶ መሮጥ አለመቻል፣ ብዙዎችን ሥራ አስትቷል። ሕክምናው ከሰገራው ይጀምራል፤ ሰገራው ሲጠነክር ለመያዝ ስለሚቀል፣ ከላይ የተባለው ሎፔራማይድ ከቤት ከመውጣት ግማሽ ሰዓት በፊት ቢወሰድ ጉዞን ያስችላል። አንጀት ከቁርስ በኋላ በተፈጥሮው ስለሚንቀሳቀስ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በኋላ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መቀመጥ ቀኑን ያቀልላል። ከፍ ያለ የፈረንጅ መቀመጫ ከሆነ እግርን በዱካ ላይ ከፍ ማድረግ አንጀቱ ባዶ እንዲሆን ይረዳል፤ ባዶ ያልሆነ ሬክተም ከሰዓት በኋላ ያስቸግራልና።

ከዚያ የዳሌ ጡንቻ ልምምድ ይቀጥላል። ጋዝ እንዳያመልጥ እንደሚይዝ ሰው የፊንጢጣን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ፤ ሆድ፣ ጭንና መቀመጫ አይጨበጡ፤ ትንፋሽም አይያዝ። መጀመሪያ 3 ሰከንድ ብቻ ቢችሉ ምንም አይደለም፤ ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ ያሳድጉት። 10 ጊዜ ይደጋገማል፤ በመካከሉ ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል። ቀጥሎ ፈጣን የሆኑ 10 ጭብጦች ይከተላሉ። በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው የሚታወቀው። ሲያስቸኩል ወዲያው ከመሮጥ ይልቅ ቆም ብሎ ጡንቻውን መጭመቅ፣ ስሜቱ ሲበርድ በእርጋታ መሄድ ሬክተምን መልሶ ያሠለጥናል።

ቆዳውን በወረቀት ከመፈተግ በውኃ አጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅና ዚንክ ያለበት ቅባት ወይም ቫዝሊን በስሱ መቀባት ቁስልን ይከላከላል። በቦርሳ ውስጥ ትርፍ የውስጥ ልብስ፣ ሞዴስ፣ ላስቲክና ትንሽ ውኃ ይያዝ። በቅርብ ዓመታት በዋና ዋና መንገዶች ዳር የተሠሩት የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች የት የት እንዳሉ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ አስቀድሞ አጥንቶ መውጣት ድፍረት ይሰጣል።

ሰባተኛ፦ ድርቀት፣ መጥበብና ቀዳዳ

ጨረር ሁልጊዜ ተቅማጥ ብቻ አያመጣም። የሚያስምጥ፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥና ጥቂት ብቻ የሚወጣው ሰው በውስጡ ደረቅ ሰገራ ተከማችቶ በዙሪያው ፈሳሽ እያመለጠው ሊሆን ይችላል፤ ተቅማጥ መስሎት ሎፔራማይድ ቢወስድ ይብስበታል። በጣት ምርመራና በሆድ ኤክስሬይ ይለያል፤ ሰገራ የሚያለሰልሰው ላክቱሎስ ወይም ማክሮጎል ይረዳዋል። ጫት ሆድ እንደሚያደርቅም መታወቅ አለበት።

ከምግብ በኋላ የሚመጣ ቁርጠት ከመነፋትና ከትውከት ጋር የሚደጋገም ከሆነ አንጀቱ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። እስኪታወቅ ድረስ ቆሎ፣ ጥሬ ጎመን፣ ያልተፈጨ ተልባና ብዙ አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ ይቅር። በጨረር የተጎዳ አንጀት ሲቆረጥና ሲሰፋ መልሶ የመፍሰስ ዕድሉ ከፍተኛ በመሆኑ ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ሲያስፈልግም ልምዱ ባለበት ማዕከል ይደረጋል። ፊስቱላ ሲኖር ሰገራን በሆድ በኩል ወደ ከረጢት ማውጣት ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር ነው፤ ነገር ግን ሌሊትና ቀን በሰገራ ሲረጠብ ለኖረ ሰው ከረጢቱ የተሻለ ኑሮ ይሰጠዋል። ከመወሰኑ በፊት ከረጢት የያዘ ሌላ ታማሚ ጋር መነጋገር ቢቻል ፍርሃቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ስምንተኛ፦ ክትትል

አንድ መድኃኒት ሲጀመር ሌላ አብሮ አይጀመር፤ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ሙከራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይሰጠውና በደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከበፊቱ ጋር ይነጻጸር። ካልጠቀመ ይቆማል፣ ወደ ሚቀጥለው መንስኤ ይኬዳል። ከጠቀመ ግን በከፊል ብቻ ከሆነ፣ የጠቀመው ሳይቋረጥ ቀሪው መንስኤ ይፈለጋል።

የደም ብዛት በየ6 ወሩ፣ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ከዚያም ቶሎ ቶሎ፣ ቢ12 በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካ ጥሩ ነው። ረግቶ የነበረ ምልክት ባሕርይውን ከለወጠ፣ ለምሳሌ ደሙ ከጨመረ ወይም አዲስ ሕመም ከመጣ፣ የድሮው ውጤት ስላለ ብቻ አይታለፍም፤ ካሜራው ይደገማል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት አጽፎ ቢመጣ ወጪው ይቀልለታል። ማንኛውም ታማሚ በመታወቂያው መያዣ ውስጥ አንድ አጭር ጽሑፍ ያኑር፦ ጨረሩን የወሰደበት ዓ.ም.፣ መጠኑ፣ የውስጥ ጨረር መውሰዱ፣ እና «ከሬክተም ናሙና ከመውሰድ ወይም ኪንታሮት ከማከም በፊት የጨረር ሐኪሜን ያማክሩ» የሚል ቃል ከስልክ ቁጥር ጋር።